አራተኛው ጋን

ስለ እታገኝ የምጽፈው ጻፊልኝ ብላኝ አይደለም። ባስፈቅዳትም «ምኑ ይጻፋል እትዬ ልቅናሽ!» ብላ ትስቅብኛለች። ስለ ወታደር ይጻፋል፣ ስለ ዘፋኝ ይጻፋል፤ ስለ ወይን ተማሪ ግን የጻፈ ሰው አላየሁም። የእኔ እንጀራ ደግሞ የሰው አፍ መሆን ነው። በሕክምና ድርጅት ለሽማግሌዎቻችን አስተረጉማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው «ወገቤን» ስል እውላለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ አፍ ልናገር።

የምንኖረው ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ያረጀ የድንጋይ ቤት አለ፤ ከላይኛው ፎቅ አንዱ ክፍል የእኔ፣ ማዶው የእሷ፣ ወጥ ቤቱ የሁለታችን። ስትገባ ሁለት ሻንጣ ልብስና አራት ካርቶን ጠርሙስ ይዛ ነበር። ጠጪ መጣችብኝ ብዬ አዝኜ ነበር። ኋላ ሳይ ግማሹ ጠርሙስ ባዶ ነው፤ በየአንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል።

ከጎንደር ገጠር ስትወጣ አራት ዓመቷ ነበር። ሱዳንን ያቋረጠችው በአባቷ ጀርባ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስሟን ሲጋል አሏት፤ ቤት ስትገባ እታገኝ ናት። ወታደርነቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገባችና የወይን ጠጅ ሳይንስ መረጠች። እናቷ እማማ አሰፋሽ ይህን ሲሰሙ «ስካር ደግሞ ትምህርት አለው?» አሉ። እሷም ስለ አሲድና ስለ እርሾ ስታስረዳቸው ዋለች፤ አማርኛዋ ሲያልቅ በዕብራይስጥ ቀጠለች። እማማ የገባቸው ልጃቸው እንደማትሰክር ብቻ ነው። ያም በቃቸው።

በዚያ ትምህርት ሦስት ዓመት ተምረው ጥሩ ነጥብ ያመጡ ጥቂቶች አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል፤ የማዕረግ ዓመት ነው። ተማሪው አንድ ጥናት በራሱ እጅ ይሠራል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሞ ይመልሳል። ካለፈ ላቦራቶሪም ምርምርም ይከፈትለታል፤ ከወደቀ ተራ ዲግሪውን ይዞ ጠርሙስ ከሚያጥቡት ጋር ይሰለፋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ከክፍሉ ለማዕረግ የተመረጡት አምስት ነበሩ፤ እታገኝ አንዷ ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ደረጃውን ስትወጣ ስታፏጭ ሰማኋት፤ ደስ አለኝ።

ጥያቄዋ ቀላል ነበር። ወይን ጠጅ ፋብሪካዎች እርሾ በፓኬት ይገዛሉ። እሷ ያለችው፣ በእኛ ተራሮች ወይን ቆዳ ላይ ራሱ የሚኖር እርሾ አለ፤ እሱ ብቻውን ቢተው ከተገዛው አያንስም ነው። ይህን ለማየት ከከተማው ውጭ፣ ከመቫሰረት ጽዮን ወዲያ ባለ አንድ መጥመቂያ አሥራ ሁለት የብረት ዕቃ ተሰጣት፤ እያንዳንዱ መቶ ሊትር ይይዛል። እሷ ለዕቃው የዕብራይስጥ ስም አላት፤ እኔ ጋን እለዋለሁ። ስድስቱ በተገዛው እርሾ፣ ስድስቱ በራሱ። ወይኑ ሲጣራ መጥመቂያው መልሶ ወስዶ ይሸጠዋል፤ ውሉ እንዲህ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀዩ ወይን ተለቅሞ ተጨፈለቀ። በመጀመሪያው ቀን እታገኝ እጅጌዋን ሰብስባ የአንደኛውን ጋን ክዳን ልታነሣ ስትል ይሻይ መጣ። ይሻይ የመጥመቂያው ማሽጊያህ ነው፤ ወይኑ እንደ ሕጉ መጠመቁን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ስልሳ ያለፈው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጢሙን ሲያስብ የሚያሻሽ ሰው ነው ትለኛለች።

«ወላጆችሽ ከየት ናቸው?» አላት።

ነገረችው።

«ተዑዳ አላችሁ?»

ተዑዳ የምስክር ወረቀት ነው። ይሻይ የጠየቃት ስለ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። የወይን ሕግ ከሌላው ምግብ ሕግ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ አይሁድ ያልሆነ ሰው ክፍት ወይን ከነካ ያ ወይን ለአጥባቂ አይሁዳዊ አይጠጣም። ትልልቆቹ ራቢዎች ቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ የመጡት፣ አይሁድ ናቸው ካሉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ነገር ግን ያ መጥመቂያ ወይኑን የሚሸጠው ሕጉን ከሁሉ አጥብቀው ለሚይዙት ነበር፤ እነሱ ደግሞ ጥርጣሬ ይጠላሉ። ወገኖቻችን ሲመጡ ሚክቬ በሚባለው የመንጻት ውኃ ውስጥ አንድ ጊዜ ተነክረው ይውጡ፣ ጥርጣሬው ይጥፋ ተብሎ ነበር። የተነከረ ሰው ወረቀት ተሰጠው። የእታገኝ አባት፣ አባ አወቀ፣ አልነከርም አሉ። በ1985 ይህን ተቃውመው ከራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ከራባኑት ሕንጻ፣ ፊት ለፊት ሜዳ ላይ አንድ ወር ከተቀመጡት አንዱ ናቸው።

«ወረቀት የለንም» አለችው።

ይሻይ ጢሙን አሻሸ። «እኔ አንቺን አልጠራጠርም። ገዢዎቹ ናቸው። አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ገብተሽ ትወጫለሽ፣ ወረቀቱን ታመጫለሽ። እስከዚያው ጋኑ ክፍት ሲሆን አንድ እርምጃ ራቅ በይ።»

መሬቱ ላይ ቢጫ ፕላስተር አስለጠፈ። ከዚያ ማዶ ጋኖቹ፣ ከዚህ ማዶ እሷ። አማካሪዋ ዶክተር ሜራቭ ተደውሎላት መጣች፤ ተናደደች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ መፍትሔም አመጣች። አቪራን የሚባል ሌላ ተማሪ ናሙናውን ይቅዳ፣ እታገኝ ከዳር ሆና ታዝዘው። አቪራን በኪፑር፣ በታላቁ የጾም ቀን፣ ሥጋ ጠብሶ የሚበላ ልጅ ነው፤ ራሱ ነው የሚያወራው። ስሙንና የአያቱን አገር ነገረው፤ ይሻይ ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ሕጉ ሰንበትና ጾም የማይጠብቅ አይሁዳዊንም ከወይኑ ያርቃል፤ ቢከተለው እሱንም መጠየቅ ነበረበት። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እታገኝ ግን ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ነበር የነገረችኝ፤ ዓይኗ ያለቀሰው ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

እማማ አሰፋሽ በስልክ ምክራቸውን ለገሱ፦ «ውኃ ምንድን ነው? ተነክረሽ ውጪ። ላባትሽ አትንገሪ።» ሸፍጥ አይደለም፤ እናት ናቸው።

አባ አወቀ ግን ሰሙ። ዓርብ ዓርብ ከሰፈራቸው ከቂርያት ሃዮቨል በአውቶቡስ ዳቦ ይዘውላት ይመጣሉ፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ከገረመው ጋር በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ግቢው ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ገረመው የደምቢያ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱ የሚስማሙት በዝናብና በበሬ ወሬ ነው። በዚያ ዓርብ እኔም እታገኝም አጠገባቸው ነበርን። አባ አወቀ የመጥመቂያውን ነገር ለገረመው አጫወቱት።

«ልጄን! ርቀሽ ቁሚ ይላታል! እጇ ምን ሆነና?»

ገረመው ሳቅ እያለ «አያ አወቀ፣ አይቀየሙኝና፣ እናንተስ?» አለ። «እኔ ያደግሁ ከእናንተ መንደር ሥር ነው። ገበያ ላይ እጄን ብዘረጋ አባትዎ አይጨብጡኝም ነበር። ከኛ ጋር ውለው እንደሆን ወንዝ ወርደው ታጥበው ነበር ቤታቸው የሚገቡ። አትንኩኝ ነበር የምንላችሁ።»

ገረመው ለቀልድ ነበር የጣለው። አባ አወቀ ግን እንደ ቀልድ አልያዙትም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«ነበር» አሉ። «እኔም ታጥቤአለሁ። ያንተን ታላቅ ወንድም ነክቼ ታጥቤአለሁ። ምን እንደሚሰማው አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።»

«ቂም አይደለም፣ ለወግ ያህል ነው» አለ ገረመው ደንግጦ።

አባ አወቀ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሂጂ ተነከሪ። ወረቀቱን ስጫቸው። ትምህርትሽ በኔ ግትርነት አይበላሽ።»

እኔ ይህ ይመጣል አላልኩም። እሷም አላለችም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ለዓመታት ስለ ራባኑቱ ሜዳ ሲወራ ያደገች ልጅ ናት። «አባዬ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ ጭንዎ ላይ ነበርኩ» አለች፤ «ብርድ ነበር፤ አስታውሳለሁ። አሁን ተነክሬ ብወጣ፣ ከመነከሬ በፊት ምን ነበርኩ ልበል? እርስዎስ ምን ነበሩ?» ከዚያ አማርኛው አነሳትና በዕብራይስጥ ጨረሰችው፦ አልገባም አለች፤ ጥናቱን ባቪራን እጅም ቢሆን እጨርሳለሁ። አባቷ ግማሹን ዳቦ ለገረመው ቆርሰው ሰጡትና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ገረመው ዳቦውን ይዞ ቆመ፤ መብላቱን እንኳ አላየሁም።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ቀይ ወይን ሲፈላ ቆዳው ወደ ላይ ይንሳፈፍና ጋኑን እንደ ወፍራም ቂጣ ይከድነዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የብረት ዘንግ ወደ ታች መጫን አለበት። ካልተጫነ ይደርቃል፣ ከሥሩ ሙቀቱ ይወጣል፤ አርባ ዲግሪ አካባቢ እርሾው ይሞታል፣ ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። አቪራን ይጭናል፣ እሷ ከቢጫው መስመር ማዶ «በጥልቅ! ወደ ግራ! ዳሩን!» ትላለች። እሱም በስንፍና ይጭናል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጉዳዩ የሱ አይደለም እንጂ።

በየጋኑ ሥር ደብተር አለ። የተሠራው ሁሉ ይጻፋል፦ ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ ምን እንደተደረገ፣ በማን እጅ። ይህ የሙያው ሕግ ነው። እነዚያን ሳምንታት ያ ደብተር ከላይ እስከ ታች «አቪራን፣ አቪራን፣ አቪራን» ይላል።

በዚያ ዓመት የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና፣ ሐሙስና ዓርብ ዋለ፤ ከዚያ ቅዳሜ ተከተለ። መጥመቂያው ሦስት ቀን ተዘጋ። ለገበያ የሚጠመቀው ማቀዝቀዣ አለው፤ የጥናቱ ጋኖች የላቸውም። አቪራን ቅዳሜ ማታ ሰንበቱ እንደወጣ ወዲያው ሄዶ ሊጭናቸው ቃል ገብቶ ነበር። እሁድ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት እታገኝ ደረሰች፤ ዘበኛው ከፈተላት። ደብተሮቹን ገለጠች። ከረቡዕ ወዲህ የተጻፈ የለም። ስትደውልለት ጥብርያዶስ ሐይቅ ዳር ነው፤ ረስቶታል።

ሙቀቶቹን በየጋኑ ጎን ካለው መለኪያ አነበበች። አሥራ አንዱ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ይሻይና ሠራተኞቹ እስኪመጡ፣ ይቆያሉ። አራተኛው ግን ሠላሳ ስምንት ላይ ነው። በራሱ እርሾ ከሚፈሉት ስድስት ሁሉ ተስፋ የጣለችበት እሱ ነበር። ይሻይ ጋ ደወለች፤ አላነሣም። ጋኑን ከፍታ ዘንጉን ይዛ አሥር ደቂቃ ያህል እንደቆየች ነግራኛለች። ብትጭነው የሚያይ ሰው የለም። ዘበኛው ሻይ ሊያፈላ ሄዷል።

ጫነችው። የደረቀው የቆዳ ክዳን አልበገር አለ፤ ዘንጉ ተቀረቀረ። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ቆዳውን በጣቶቿ ፈረካከሰችው። ከሥሩ ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ስትጨርስ ክንዷ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወረደ።

ከዚያ ደብተሩን አነሣችና ጻፈች፦ «እሁድ፣ ጠዋት 12፡40። 38 ዲግሪ። ክዳኑ ተጫነ፤ በዘንግና በእጅ። እታገኝ አወቀ።» ሲጋል አላለችም።

ይሻይ መጥቶ አነበበ። ደጋግሞ አነበበው።

«ለምን ጻፍሽው? ባትጽፊው እኮ አላውቅም ነበር።»

«ስለሠራሁት» አለችው።

የመጥመቂያው ባለቤት መጣ፤ ጮኸ፤ ከዛሬ ጀምሮ እግሯ እንዳይረግጥ አለ። ጥናቱ እዚያው ሊያልቅ ነበር፤ ማዕረጉም አብሮ። እንድትቆይ ያደረጋት ይሻይ ነው። «እዚህ ከሚሠራው ሰው ሁሉ ቃሉን የማምነው የሷን ነው» አለ። እጇን ግን አላመነውም፤ አራተኛውን ጋን በቀይ ፕላስተር አስሮ ጥግ አስገፋው። አይሸጥም፣ የሷ ነው ተባለ። እኔ ይህን ሰው ልጠላው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ እንደሚገባኝ ያህል አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንዱን አቪራን ሠራቸው፣ አራተኛውን እሷ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ሄዳ ትጭነው ነበር፤ አውቶቡስ ሲያመልጣት ከመቫሰረት ሽቅብ በእግሯ። የብርዱን ወራት ሙሉ ክንዷ ላይ ያ ቀለም አልለቀቀም። ጽሑፉን ስትጽፍ ደግሞ ወይኑን ማን እንደነካው አስገባችበት፦ አራተኛውን ተመራማሪዋ፣ ሌሎቹን ረዳት፤ ምክንያቱም ተመራማሪዋ እንዳትነካ ተከልክላ ነበር። ዶክተር ሜራቭ ይህን ዓረፍተ ነገር ልታወጣው ፈለገች። «ሳይንስ ውስጥ ስሞታ አይጻፍም።» እታገኝ ስሞታ አይደለም፣ አሠራር ነው አለች። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ቆየ።

ፈተናው በሰኔ 2005 ሆነ። ለሕዝብ ክፍት ስለነበር እኔና አባ አወቀ ከኋላ ተቀመጥን፤ እሳቸው ክራቫት አስረው ነበር። የሙያው ልማድ ነው፤ ተማሪው የጠመቀውን በራሱ እጅ ከፍቶ ለፈታኞቹ ይቀዳል፣ እነሱም ሳይነጋገሩ ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ነጥብ ይጽፋሉ። ከሦስቱ አንዷ ሜራቭ ናት፤ ሁለተኛው ሸሚዙን የከፈተ የወይን ገበሬ ነው፤ ሦስተኛው ከሌላ ተቋም የመጣ፣ ኪፓ፣ የአጥባቂዎቹን ትንሽ ቆብ፣ ያጠለቀ ፕሮፌሰር፣ በሙያው የተከበረ። ሜራቭ አስቀድማ «አቪራን ቢቀዳ ምን ይመስልሻል? ለሁሉም ይቀላል» ብላት ነበር። እታገኝ ጠርሙሱን ማንም እንዳይነካባት አለች።

ቀዳች። አራተኛው ሲደርስ ገበሬው ቀመሰና ልማዱን ረስቶ «ይኼ!» አለ፤ ሜራቭ ቀመሰች። ፕሮፌሰሩ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ፣ አዟዟረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሸተተ። ረጅም ጊዜ ጻፈ። አልቀመሰም፤ ሁሉንም የቀዳችው እሷ ናትና ከአሥራ ሁለቱ አንዱንም አልቀመሰም። ብርጭቆዎቹ ፊቱ እንደሞሉ ተሰለፉ።

ከዚያ ጠየቃት። «አራተኛው ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጣል። ግን ሌላ እጅ ነው የሠራው። ልዩነቱ የእርሾው ነው ወይስ የእጁ? እንዴት አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አለች። «እኔም አላውቅም። ስለዚህ ነው የጻፍኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ መልስ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ወጡ፣ ተማከሩ፣ ተመለሱ። ማዕረጉ ተሰጣት። የነጥቡ ወረቀት ሲነበብ ፕሮፌሰሩ ለሽታና ለቀለም ሙሉ ሰጥቷል፤ ከጣዕም ሥር «አልቀመስኩም» ብሎ ጽፏል። ጣዕሙን በሁለቱ ነጥብ ሞሉት። ጭብጨባ ሆነ። አባ አወቀ አላጨበጨቡም፤ የሞሉትን ብርጭቆዎች ያያሉ።

ሰው መውጣት ሲጀምር ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ መጣ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «በሙያዬ ካሸተትኳቸው ወይኖች ከምርጦቹ አንዱ ነው። እባክሽ እንዳትቀየሚኝ፤ አንቺን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?» አለችው።

እሷ ከጠረጴዛው ላይ የራሱን ሙሉ ብርጭቆ፣ የአራተኛውን፣ አነሣች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትጣደፍ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ባዶውን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጥሩ ነው» አለችው። «አመለጠዎ።»